ለመንገድ የሚሆን አሮጌ ብስክሌት

ዴርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ተጓዥ እ.ኤ.አ. በጥር 1963 ከአገሯ ተነሥታ በብስክሌት ወደ ሕንድ ስታቀና፣ ከመንገዷ በፊት ያደረገችው ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። አርምስትሮንግ ካዴት ከተባለው ብስክሌቷ ላይ ባለ ሦስት ፍጥነቱን ማርሽ አስነቀለችው። ተራራ ሊወጣ የተዘጋጀ ሰው ማርሽ ይጨምራል እንጂ እንዴት ይቀንሳል? እሷ ግን ከዳገቱ አስቀድማ የመንገዱን ክፋት አሰበች። ያ ማርሽ ለእስያ መንገድ ስስ ነው፤ አያዛልቅም ብላ ፈረደች። ሮዝ ብላ የሰየመቻት ያቺ ብስክሌት ኢራንን፣ አፍጋኒስታንንና ፓኪስታንን አቋርጣ ዴልሂ አደረሰቻት። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ይህችው ሴት ወደ እኛ አገር መጣች። ከምጽዋ ተነሥታ በሰሜን ተራሮች በኩል አዲስ አበባ ድረስ ስትዘልቅ ግን አብዛኛውን መንገድ ጓዟን ያሸከመችው ለብስክሌት አልነበረም፤ ጆክ ብላ ለጠራችው በቅሎ ነበር።

ብስክሌቷን በስም እየጠራች የምትወድ ሰው፣ የሰሜንን ገደል ስታስብ በቅሎ መረጠች። ፍቅሯን ከፍርዷ ጋር አላደባለቀችም። አሮጌ ብስክሌት ለረጅም ጉዞ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ እኔም ስለ ብስክሌቱ ከመጠየቄ በፊት «በየት በኩል ልትሄድ አሰብህ?» የምለው ከእሷ ተምሬ ነው።

የእኔ መንገድ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ነበር፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት የተፈቀደ አይደለምና በአሮጌው መንገድ በቢሾፍቱ አድርጎ ሞጆ መድረስ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ ቆቃን፣ መቂን፣ ባቱን፣ ቡልቡላን፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን ማለፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፤ ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እስከዚያ ድረስ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። ከላንጋኖ ወዲያ ግን መንገዱ ቀና ብሎ ወደ አርሲ ነገሌ ይወጣል፤ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ይህን መንገድ በአውቶቡስ መስኮት ያየ ሰው ሜዳ ነው ይላል። አስፋልቱ ግን ጠርዙ ተቆራርሷል፤ እስከ ሞጆ ድረስ ከባድ መኪና አይቋረጥም፤ ከባቱ በኋላ ደግሞ የግራር እሾህ አለ። ብስክሌቴን የምመዝነው ለእነዚህ ነበር።

ለምርጫ የቀረቡልኝ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ሰማያዊ ፔጆ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች የውድድር ብስክሌት። ባለቤቷ በጉብዝናቸው ወራት የተወዳደሩባት አንድ አዛውንት ናቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ አቧራ እንዳይነካት በአንሶላ ሸፍነው አኑረዋታል። ቱቦዎቿ የሚጋጠሙበት ማያያዣ ሁሉ ጠርዙ በሞረድ ተስሎ ቀጥኗል። ከኮርቻው በታች ባለው ቱቦ ላይ ሬይኖልድስ 531 የሚል ምልክት ተለጥፏል። ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ይህ የእንግሊዝ ብረት እ.ኤ.አ. በ1935 ከወጣ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የታላላቅ ተወዳዳሪዎች ብስክሌት የሚሠራበት ነበር። ሽማግሌው አውርደው ሲያስይዙኝ በአንድ እጄ ብድግ አለች። እጄ ሊመልሳት አልፈለገም።

ሁለተኛው ከምናለሽ ተራ የወጣ ማውንቴን የሚባል የተራራ ብስክሌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ የፊት ሹካው ሞላ የሌለው፣ ቀለሙ ተላልጦ የፋብሪካው ስም እንኳ የማይነበብ። ወፍራም ብረት ነው። ዋጋው የፔጆዋን ሩብ አይሞላም።

ሁለቱንም ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳቸው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብስክሌት ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ፔጆዋን ሲያዩ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ነው የነኳት።

«ይቺ ለውድድር የተፈጠረች ናት፣ ልጄ» አሉኝ። «ምን ልትጭንባት ነው?»

«ልብስ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ መፍቻዎች… ወደ 18 ኪሎ ይሆናል፣ ጋሼ።»

መልስ ሳይሰጡኝ ሲባጎ አነሡ። ሲባጎውን ከኋላ ጎማ ማሰሪያ በአንዱ በኩል ቋጥረው፣ በፊት ባለው የማኑብሪዮ አንገት ዙሪያ አዙረው፣ ተመልሰው በሌላው በኩል ወጥረው አሰሩት። ከዚያ ሲባጎው ከኮርቻው ቱቦ የሚርቅበትን በሁለቱም ወገን ለኩ። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው፤ ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ ተጣሟል ማለት ነው። አንድ ክር ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ነው፤ አሮጌ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሁሉ ሲባጎ በኪሱ ይዞ ቢሄድ እመክራለሁ። ሁለቱም አለፉ። ቀጥለው ብስክሌቶቹን ገልብጠው፣ ከማኑብሪዮው አንገት ሥር ባሉት ቱቦዎች ሆድ ላይ አውራ ጣታቸውን እያንሸራተቱ ፈተሹ። ከፊት ተጋጭቶ የሚያውቅ ብስክሌት እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ ይጨማደዳል፤ ብረቱም በጣት የሚታወቅ ሞገድ ያወጣል። ዓይን የሚስተውን ጣት ያገኘዋል። እዚያም ሰላም ነበር።

ከዚያ ወደ ዝገቱ ሄዱ። ከላይ የሚታየው ዝገት ብዙም አያስፈራም፤ በብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። የሚያስፈራው የውስጡ ነው። በኮርቻው በኩል የሚገባ ዝናብ በቱቦው ወርዶ የፔዳሉ ፔርኖ ባለበት ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። የማውንቴኑን ፔርኖ ሲያወጡት ጥቁር ውኃና የደረቀ ግራሶ ወጣ፤ ግድግዳው ግን ጤነኛ ነበር፤ ኩሽኔታውን መቀየር ብቻ በቂ ሆነ። የፔጆዋ ውስጥ ደረቅና ንጹሕ ነበር። ክፍሏ ግን በፈረንሳይ የብሎን ጥርስ የተቀረጸ ነው፤ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ። ዓለም የተስማማበት የእንግሊዙ ጥርስ ግን በአንዱ ወገን ወደ ግራ ይጠብቃል። «ይሄ ዕቃ መንገድ ላይ ቢበላሽብህ» አሉኝ ጋሼ፣ «መቂ አይገኝም፤ አዲስ አበባም አይገኝም።»

እዚህ ላይ ስለ ብረት የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ግማሹ እውነት ነው። የብረት ብስክሌት የትም መንደር ይበየዳል ይባላል። ጀርመናዊው ሃይንትስ ሽቱከ እ.ኤ.አ. በ1962 ባለ ሦስት ማርሽ ብረት ብስክሌት ይዞ ከመንደሩ ወጥቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዓለምን ሲዞር ፍሬሙ ደጋግሞ ተሰብሮ ደጋግሞ ተበይዷል። ያ ግን ከባድና ወፍራም ብስክሌት ነበር። የ531 ቱቦ ግድግዳ መሐሉ ላይ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፋብሪካው ያጋጠመውም በናስ ወይም በብር፣ በልከኛ ሙቀት ነው። የበርና የመስኮት ብረት የሚበይድ ሰው የኤሌክትሪክ ብየዳውን ሲያስጠጋው ቱቦው ይበሳል፣ በዙሪያውም ጥንካሬውን ያጣል። እንግዲህ «ብረት ነው» ማለት አይበቃም። የርካሹ ማውንቴን ወፍራም ብረት ለመንደር ብየዳ የታገሠ ነው፤ ክቡሩ ብረት ግን አዋቂ እጅ ይፈልጋል። ለሩቅ መንገድ ተራው ብረት የሚበልጥበት ጊዜ እንዳለ የገባኝ እዚያ ጥገና ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው በምልክት ሲመርጥ ባየሁ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም።

ጎማው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው እሱ ይመስለኛል። የብስክሌት ጎማ ላይ የሚጻፈው ኢንች ያሳስታል። 26 የሚል ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የማውንቴኑ 26 ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ስፋት 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የድሮው የእንግሊዝ ባለ ሦስት ማርሽ 26 ግን 590 ነው። ባለ 27 ኢንቹ 630፣ የድሮው ጥቁር ባለ 28 ደግሞ 635 ነው፤ በአምስት ሚሊ ሜትር ልዩነት አንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ በጎማው ጎን በትንሹ የተጻፈውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ማንበብ ነው። ፔጆዋ 622 ናት፤ ባለ ቀጭኑ የውድድር ጎማ። ካላማዳሪያዋ የሚነፋበት ቫልቭም ቀጭኑ የፈረንሳይ ዓይነት ነው፤ የቸርኬዋ ቀዳዳ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የመኪና ዓይነቱ ወፍራም ቫልቭ አይገባባትም። ማውንቴኑ 559 ነው፤ ቫልቩም የመኪና ነው፤ የትኛውም ጎሚስታ በመጭመቂያው ይነፋዋል።

ከዚህ በኋላ የቀሩት ፈተናዎች ቶሎ አለቁ። የፔጆዋ ሹካ ከ28 ሚሊ ሜትር የሰፋ ጎማ አያሳልፍም፤ ማውንቴኑ ሁለት ኢንች ጎማ ለብሶ ጭቃ የሚያልፍበት ቦታ ተርፎታል። ከፔዳሉ ፔርኖ እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት በፔጆዋ 41 ሴንቲ ሜትር፣ በማውንቴኑ ከ43 በላይ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ኋላ ላይ ቦርሳ ሲታሰር ግን ተረከዝ ቦርሳውን እየመታ የሚውልበትና የማይመታበት ልዩነት እሱ ነው። ማውንቴኑ ላይ የዕቃ መጫኛው ፖርቶመጋላ የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ከፋብሪካው ጀምሮ አሉት። ፔጆዋ የላትም።

የማርሹ ነገር ግን ትንሽ ስሌት ይፈልጋል። የፔጆዋ ትንሹ የፊት ጥርስ 42፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 24 ነው። ሲካፈል 1.75 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቷ 3.7 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ማውንቴኑ ትንሹ የፊት ጥርሱ 28፣ ትልቁ የኋላ ጥርሱም 28 ነው፤ አንድ ለአንድ፣ በአንድ ዙር 2 ሜትር ገደማ። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በፔጆዋ ትንሹ ማርሽ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር መውጣት አለበት፤ በማውንቴኑ 7 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ዳገት ላይ 18 ኪሎ ጭኖ 13 ኪሎ ሜትር መሄድ የሠለጠነ ተወዳዳሪ ሥራ ነው። ያን ማድረግ ያልቻለ ሰው ፔዳሉን ቆሞ ይገፋል፤ ጉልበቱንም ይጎዳል። ጋሼ ይህን ሁሉ ቁጥር አልቆጠሩልኝም። የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ዓባይን ወርዶ ይወጣል?»

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን እንደገና ያንኑ ያህል ሽቅብ። ለእሳቸው የጉዞ ብስክሌት ማለት እዚያ የሚፈተን ነው፤ ሲወርድ ፍሬኑ፣ ሲወጣ ማርሹ። በዚህ ሚዛን የቻይናውን ፎኒክስ እንኳ ጣሉት፤ ሜዳ ላይ ኩንታል የሚሸከም ጠንካራ ብስክሌት ነው፣ ነገር ግን ማርሽ የለውም፤ ፍሬኑም የሚይዘው ክሮም የተቀባ ቸርኬ በዝናብ ጊዜ ይሙለጨለጫል።

ፔጆዋን ለባለቤቷ መልሼ ሳደርስ ሽማግሌው ለምን እንዳልወሰድኳት ጠየቁኝ፤ ለዚህ መንገድ እንደማትሆንና ሸክም ሊጎዳት እንደሚችል ነገርኳቸው። ደስ ያላቸው መሰለኝ። እንደ እሷ ያሉ ብስክሌቶች ዛሬም ቦታ አላቸው። ጣሊያን ቱስካኒ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኤሮይካ የሚባል ጉዞ በየዓመቱ ይደረጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 በፊት የተሠሩ የውድድር ብስክሌቶች ነጭ አቧራ በሞላው የጠጠር መንገድ የሚነዱበት ነው። በቀጭን ጎማ ጠጠር መንዳት እንደሚቻል እነሱ በየዓመቱ ያሳያሉ። ግን ባዶ ጀርባ ነው የሚነዱት፤ ማታ አልጋ ይጠብቃቸዋል። እኛም ዘንድ በእሑድ ጠዋት እንጦጦን ወጥቶ ሱሉልታ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ከፔጆዋ የተሻለ ጓደኛ አላውቅም።

ማውንቴኑ አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ሰንሰለትና የፍሬን ጎማ ገባለት። መርካቶ ሸራ የሚሰፋ ሰው ሁለት ቦርሳ ሠራልኝ፤ ፖርቶመጋላውን ደግሞ በር የሚሠራ ብየዳ ቤት ከአርማታ ብረት አበጀው።

እስከ ሞጆ ያለው መንገድ ትዕግሥት ነው። ከባድ መኪና ከኋላ ጥሩንባ ሲያሰማ ከአስፋልት ወርዶ ጠጠር ላይ መንዳት የግድ ነው፤ ሁለት ኢንች ጎማ ያለው ሰው ከብስክሌቱ ሳይወርድ ያደርገዋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ሰማዩ ሰፋ። ቆቃ ላይ ውኃው በግራ በኩል ሲያበራ፣ አዋሽን ስሻገር፣ ንፋሱ ከፊቴ እየገፋ ነበር፤ ወፍራም ጎማና ቀጥ ያለ አቀማመጥ ለንፋስ እንደማይመች እዚያ በደንብ ተሰማኝ። ዝቅ ባለ ማኑብሪዮ የተጎነበሰ ሰው ያን ሜዳ ከእኔ በቀለለ ያልፈው ነበር። ማውንቴን የሚመርጥ ሰው ይህን ዋጋ እያወቀ ይምረጥ።

መቂ መግቢያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በሳጥን ተደርድሮ በሚሸጥበት አካባቢ፣ ፖርቶመጋላውን ከፍሬሙ ጋር ያሰረው ብሎን ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ቦርሳው አንድ ወገን ተንጋደደ። መንገድ ዳር የባጃጅ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ጣሳ ሙሉ ብሎን አወጣና አንዱን አንሥቶ ሞከረ፤ ሁለተኛው ገባ። ዳዶ ከኋላ ጨመረበት፤ «ይሄ ካልታሰረበት ይፈታል፣ ወንድሜ» አለኝ። ትክክል ነበር፤ እስከ ሐዋሳ አልተፈታም። የቀዳዳው ልክ ለባጃጅ ብሎን የሚሆን መሆኑ ሲገጥም እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ በብስክሌት ያልተጓዘ ሰው አይረዳውም።

ከባቱ በኋላ ግራሩ ይበዛል፤ ከቡልቡላ በፊት የፊት ጎማዬ ተነፈሰ። እሾሁ ጥፍር ያህል ርዝመት አለው፤ ጎማውን በስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። እየገፋሁ ቡልቡላ ደረስኩ። ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሳይክል ጠጋኝ ካላማዳሪያውን አውጥቶ በሳፋ ውኃ ውስጥ አጠመቀው፤ አረፋው ከሁለት ቦታ ወጣ። ከኋላው ገመድ ላይ ከተሰቀሉት አዲስ ካላማዳሪያዎች መሐል ለእኔ የሚሆነውን ሳይለካ በዓይኑ አወቀው፤ ሁሉም 26 ናቸው፤ የአገሩ ሰው የሚነዳው ያንኑ ነው። ቀጭኑን የውድድር ጎማ ለሚይዝ ሰው ግን እዚያ ገመድ ላይ ምንም አልተሰቀለም። አሮጌውን ጠግኖ ለመጠባበቂያ ሰጠኝ፤ ጎማውንም ከመመለሱ በፊት ጣቱን ውስጡ አዙሮ የተረፈ እሾህ ካለ ፈለገ። አንድ አገኘ።

ወደ አርሲ ነገሌ የሚወጣውን ዳገት በትንሹ ማርሽ ነው የወጣሁት። ፍጥነቱ ከፈጣን እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ከጎኔ አህያ የሚነዱ ልጆች ለትንሽ ጊዜ አብረውኝ ሮጡ፤ «በርታ! በርታ!» እያሉ። መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ ነበረኝ፤ ማርሹ በልኬ ነበርና። ኋላዬን ዞር ብዬ ላንጋኖንና ከማዶ ያለውን የአቢያታ ሻላ ሜዳ አየሁ። ጉልበቱ እየተቃጠለ የሚወጣ ሰው እንዲህ ያለውን አያይም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን አስፋልት ብቻ ነው የሚያየው።

ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ዝናብ ያዘኝ። አሉሚኒየም ቸርኬው ውኃውን በአንድ ሁለት ዙር ጠርጎ ያዘልኝ፤ ይሁን እንጂ አዲሱ የፍሬን ጎማ እስከ ግማሹ ማለቁን ያወቅኩት ሐዋሳ ደርሼ፣ በርካታ ብስክሌት ከሚመላለስበት የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ቆሜ ስፈትሽ ነው። የኋላው ቸርኬ ሁለት ሽቦ ላልቶበታል። ዋናው ድክመት ግን ሌላ ነው፤ የኋላ ጥርሶቹ በድሮው ዓይነት በብሎን ጥርስ የሚጠብቁ ናቸው፤ ኩሽኔታው ከጥርሶቹ በስተ ውስጥ ስለሚቀር የኋላ ጎማው ፔርኖ ቀኝ ጫፍ ያለ ድጋፍ ሸክሙን ይሸከማል። በእንዲህ ያለ አሠራር ከባድ ጭነት ፔርኖ እንደሚሰብር ጋሼ ነግረውኛል። ፔርኖውን አስወጥቼ ሲንከባለል አየሁት፤ በጥቂቱ ተጣሟል። አዲስ አበባ ስመለስ ኩሽኔታው ወደ ጫፉ የወጣለትን አዲሱን ዓይነት የኋላ ማዞሪያ አስገብቼ፣ ትልቁን ጥርስ ከ28 ወደ 34 ላሳድገው ወስኛለሁ። ያኔ ዓባይን ልሞክር እችላለሁ፤ አሁን ባለበት ግን በጎሐ ጽዮን በኩል አልወርድበትም።